አጎቴ ለገዛ ስንብቱ ያጨበጨበበት ስብሰባ

ለክቡር የእንጨት ሥራ ፋብሪካችን ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ጤንነትዎን እጠይቃለሁ። ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም ጆሮዎ እንዴት ሰንብቷል? እኛ ሰጋቱራው ከሚያስነጥሰን በቀር ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። «የሠራተኛን ድምፅ የማዳመጥ ጥበብ» ለተባለው ሥልጠና ወደ ሌላ ከተማ ከሄዱ ወዲህ ቢሮዎ ስለተቆለፈ፣ ይህን ደብዳቤ በምግብ አዳራሹ ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ፤ አንድ ቅጂም ለጋዜጣ ሰጥቻለሁ። በር ዘግተው በምስጢር ቢያነጋግሩኝ ይመርጡ እንደነበር አላጣሁትም። ነገር ግን በር ዘግተን ያወራነው ምን እንዳስከተለ ሁለታችንም ስለምናውቅ፣ የአሁኑን በአደባባይ ማድረጉን መርጫለሁ።

ጸሐፊው የመላጊያ ማሽኑ ሠራተኛ ነኝ። ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ስዘል ስለምውል ሰው ሁሉ «ቁንጫ» ይለኛል። ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ አቋርጫለሁ፤ እውነቱን ልናገር ካልኩ ግን ያቋረጠኝ ትምህርት ቤቱ ነው፣ ያውም የርእሰ መምህሩን ወንበር ከወለሉ ጋር በኮላ ካጣበቅሁ በኋላ። ስለዚህ ፊደሉ እዚህም እዚያም ቢንጋደድ ይታለፍልኝ፤ ነገሩ ራሱ ቀጥ ያለ ነው።

ግልጽ ደብዳቤ እንደመሆኑ ፋብሪካችንን የማያውቁ ሰዎችም ስለሚያነቡት፣ በእርስዎ ፈቃድ አንድ ነገር ላስረዳቸው። በእኛ ፋብሪካ ሰው በአፉ አይነጋገርም። መጋዙና መላጊያው አንዴ ከተነሱ እናት ልጇን ብትጠራ አይሰማም፤ በዚህ የተነሣ ከእኛ በፊት የነበሩት ሠራተኞች የእጅ ቋንቋ ፈጥረው አውርሰውናል። ትንሿን ጣት ማቆም «ሻይ ደረሰ» ማለት ነው። ክርንን መታ መታ ማድረግ «ጣውላው ጉጥ አለበት፣ ተጠንቀቅ» ነው። ሁለት ጣት በጉንጭ ላይ ማንሸራተት «ውሸቱን ነው፣ አትመነው» ይባላል። ለእርስዎም የራስዎ ምልክት አለዎት፤ በጽሑፍ መግለጹ ነውር ስለሆነ ግን ይቅር።

ታዲያ ይህ ልማድ ጉድ ይዞ መጣ። ማሽኑ ቆሞ ጸጥ ረጭ ባለበት ሰዓት እንኳ አፋችን አልከፈት አለ። ቅሬታችንን በጣት ተናግረን፣ በጣት ተከራክረን፣ በጣት ተስማምተን ወደየቤታችን እንገባለን፤ ለእርስዎ የሚደርስ ነገር የለም። በየስብሰባው «ቅሬታ ያለው አለ?» ብለው ሲጠይቁ ከጠረጴዛ በታች ጣት እንደ ጉድ ይራወጣል፤ እርስዎም ከጠረጴዛ በላይ ያለውን ፊታችንን ብቻ አይተው «እንግዲያው ሁላችንም ደስተኞች ነን» ብለው ይዘጉታል። እኔ ራሴ፣ ለቀልድ ሲሆን አፌ ገጠም የማይለው፣ ቁምነገር ላይ ሲደርስ «ሆድ ይፍጀው» ከሚሉት ዋነኛው ነበርኩ። ከዚህ ልማድ ያላቀቁኝ እርስዎ ስለሆኑ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. በመጀመሪያ ስለ ጆሮ መሸፈኛዎቹ አመሰግናለሁ። በእንግዳ መቀበያው የመስታወት ቁም ሳጥን ውስጥ ቢጫ በቢጫ ሆነው፣ አቧራ ሳይነካቸው ተደርድረዋል። እንግዳ ሲመጣ በማሽኖቹ መካከል ለአንድ አፍታ ሲያልፍ እንዳይጎዳ ይደረግለታል፤ እኛ ከማሽኖቹ ጋር ውለን የምናድረው ግን «ለምደውታል» ተብለን ታልፈናል። እንዴት አድርገን እንደለመድነው በአጎቴ ላሳይዎ።

አጎቴ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ በትልቁ መጋዝ ላይ ይሠራ ነበር። እናቴ ካረፈች በኋላ ያሳደገኝ እሱ ነው፤ ከትምህርት ቤት ስባረርም ጆሮዬን ይዞ እየጎተተ እዚህ ያስገባኝ እሱው ነው። ከጎረምሳነቱ ጀምሮ ከዚያ መጋዝ አጠገብ ንቅንቅ ብሎ አያውቅም። ጆሮው መቼ እንደደከመ ማንም አላየም፤ እንዴትስ ይታይ? ውሎው በጣት ነው፣ ጣት ደግሞ ጆሮ አይፈልግም። የደረስኩበት እኔ ነኝ፣ ያውም በቀልድ። አንድ ቀን ከሥራ ስንወጣ ከኋላው ተከትዬ የእርስዎን ድምፅ አስመሰልኩና (ይቅርታዎን፣ በጣም ይዋጣልኛል) «አንተ! ያንን ጣውላ ወዴት ነው የምታሸሸው?» ብዬ ጮህኩበት። ዘወር አላለም። የሚጫወትብኝ መስሎኝ «ጋሼ፣ ሱሪህ ከኋላ ተተርትሯል!» አልኩት። ወይ ፍንክች! «ኧረ ቤትህ እየነደደ ነው!» ስል መንገደኛው ሁሉ ክው ብሎ ዞሮ አየኝ፤ እሱ ብቻ አልዞረም። እያፏጨ መንገዱን ቀጠለ፤ ፉጨቱም ዜማ አልነበረውም።

ከዚያ ወዲህ ስከታተለው ነገሩ ተገለጠልኝ፤ ሰው ሲያወራው ዓይኑ ከሰውየው አፍ ላይ አይነቀልም። ከከንፈር ነበር የሚያነበው። ፊቱን ከእሱ ያዞረ ሰው ሁሉ ለእሱ ዝም ያለ ሰው ነው። ማወቄን አልነገርኩትም፤ እሱም አልነገረኝም፤ የፋብሪካችን ሕግ ለካ ቤታችንም ድረስ ገብቶ ኖሯል።

፪. ሁለተኛው ምስጋናዬ ስለ በርዎ ነው። «በሬ ለማንኛውም ሠራተኛ ክፍት ነው፤ አፍ አውጥታችሁ ተናገሩ» የሚለውን ማስታወቂያ በተዘጋ በርዎ ላይ የለጠፉ ሰሞን ሁላችንም በጣታችን ሳቅን። በሩን የሠራነው እኛው ነን፤ «ቶሎ ድረስ» ተብሎ እንጨቱ ሳይደርቅ ስለተገጠመ አብጦ አብጦ በትከሻ ካልተገፋ አይከፈትም። እኔ ግን አጎቴን አሰብኩና ገፋሁት።

አቀባበልዎን መቼም አልረሳውም። ሻይ አዘዙልኝ። ብስኩት አቀረቡልኝ። ከወንበርዎ ተነሥተው ከእኔ ጎን መጥተው ተቀመጡና «እኔን እንደ ታላቅ ወንድምህ ቁጠረኝ፤ ከዚህ ክፍል አንዲት ቃል አትወጣም» አሉኝ። ክቡር ሆይ፣ አለቃ እንዲያ ብሎ አናግሮኝ ስለማያውቅ የልብ ልብ ተሰማኝ። ብስኩቱን እንኳ በቅጡ ሳልውጥ ሁሉንም ዘረገፍኩት፦ የአጎቴ ጆሮ መጎዳቱን ነገርኩዎ፤ ሐኪም እንዲያየው፣ ከመጋዙ ተነሥቶ ጸጥ ወዳለው የገጣጣሚዎች ክፍል እንዲዛወር፣ ለቀረነውም መሸፈኛ እንዲታደለን ለመንኩዎ። እርስዎም ራስዎን እየነቀነቁ አዳመጡኝ። አዳምጦ ማዳመጥ! አንዳንዱ ቦታ ላይማ «ውይ» ሁሉ ብለዋል። ሲሸኙኝ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «እንዳንተ ያለ አሥር ልጅ ቢኖረኝ» አሉኝ። በዚያ ቀን በመላጊያው ላይ ስሠራ እግሬ መሬት አልነካም ነበር።

የደስታዬን ነገር ቫርኒሽ ለሚቀቡት እትዬ በጣት ነገርኳቸው። እትዬ ከሁላችንም በዕድሜ የሚበልጡ፣ ድምፃቸውን ግን ማናችንም ሰምተን የማናውቅ ሴት ናቸው። እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው፣ ትክ ብለው አዩኝና ሁለት ጣታቸውን በጉንጫቸው ላይ አንሸራተቱ። ተናደድኩባቸው። እኚህ ሴትዮ ሰው የማያምኑ፣ ልበ ክፉ ናቸው አልኩ፤ ለእርስዎ ብዬ ለሁለት ቀን አኮረፍኳቸው። እንግዲህ የእርስዎ ውለታ እስከዚህ ድረስ ነበር።

፫. ሦስተኛውና ትልቁ ምስጋናዬ ስለ ስብሰባው ነው። ሳምንት ሳይሞላ አዳራሽ ጠሩን። ወረቀት ይዘው ተነሥተው «ዛሬ የምሥራች አለኝ፤ በድርጅታችን ዝምታ ተሰብሯል» አሉ። ከዚያ ስሜን ከነአባቴ ጠሩ። ቁንጫ አላሉኝም፤ እኔም ደንግጬ ማን ነው ብዬ ዘወር ዘወር አልኩ። ቀጥለው ካነበቡት ውስጥ በልቤ የቀረው ይኸው ነው፦ «ይህ ወጣት የሥጋ ዝምድና ሳያግደው፣ ለራሱም ለባልደረቦቹም አደጋ የሚሆን የመስማት ችግር ያለበትን የመጋዝ ሠራተኛ በድፍረት ጠቁሞናል፤ በጥቆማው መሠረት ሠራተኛው ከዛሬ ጀምሮ ከምስጋና ጋር ተሰናብቷል፤ ለወጣቱ ሞቅ ያለ ጭብጨባ።»

ከፊት የተቀመጡት የቢሮ ሰዎች አጨበጨቡ። እኛ ዘንድ ጭብጨባ አንዴ ከተጀመረ የሚያስቆመው የለምና የኋለኛውም ተከተለ። አጎቴ የተቀመጠው መጨረሻው ረድፍ ላይ ነበር። እርስዎ ወረቀቱ ላይ አቀርቅረው ስላነበቡ ከንፈርዎን አላየውም፤ ያየው የሚያጨበጭበውን ሰውና ወደ እኔ የሚዞረውን ፊት ነው። እናም አጨበጨበ። በዚያ እንጨት ባደነደነው መዳፉ፣ ከሁሉ አስበልጦ፣ ሌላው ሁሉ ካቆመ በኋላም አጨበጨበ። አጠገቡ ወዳለው ሰው ዞሮም «የእህቴ ልጅ እኮ ነው!» አለው፤ ድምፁን መመጠን ስለማይችል አዳራሹ በሙሉ ሰማው። እርስዎም ሰምተዋል። ከወረቀቱ ቀና ብለው ፈገግ ማለትዎን አይቻለሁ።

እኔስ? ኩም አልኩ። ያ ሁሉ ለፍላፊነቴ የት እንደገባ እንጃ። ተነሥቼ «እንዲህ አላልኩም» ማለት ሲገባኝ፣ እጄ ብቻ ከወንበሩ ሥር ለማንም በማይታይበት ሲወራጭ ቆየ።

አራተኛ ብዬ ያሰብኩት ነገር ነበር፤ ከሦስተኛው ጋር ተደባልቆ ጠፍቶኛል። ወደሚቀጥለው ልለፍ።

፭. አጎቴን ስንብቱን የማርዳቱን ክብር ለእኔ ስለተዉልኝ አመሰግናለሁ። በእጅ ቋንቋችን «ተባረሃል» የሚል ምልክት የለም። የቀደሙት ሰዎች የረሱት ይሁን ያልደረሰባቸው እንጃ። ስለዚህ መንገድ ላይ ከአንድ የተዘጋ ሱቅ ደጃፍ ፊት ለፊቱ ቆሜ፣ አፌን እየከፈትኩ፣ ቃል በቃል ነገርኩት። ከንፈሬን በትክክል ያላነበበ መስሎት «እንደገና በለው» አለኝ። እንደገና አልኩት። ዓይኑን ከአፌ ነቅሎ ዓይኔን አየኝ። ከዚያ «ለእሱ ከመንገርህ በፊት ለእኔ ለምን አልነገርከኝም?» አለኝ።

ክቡር ሆይ፣ እርስዎ የከዱኝን ክህደት በቀልድም በስድብም መወጣት እችል ነበር። ይህን ጥያቄ ግን ቀልድም ስድብም አይመልሰውም። ከዚያን ዕለት ጀምሮ በአንድ ቤት እየኖርን እኔ መናገር ስጀምር አጎቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። እሱ ፊቱን ካዞረ ደግሞ እኔ የለሁም ማለት ነው፤ ብጮህም፣ ባለቅስም፣ እንደ ድሮው ሱሪህ ተተርትሯል ብለውም። እርስዎ ከእኔ አፍ አንዲት ምስጢር ወስደው አጎቴን ከነሥራው ወሰዱብኝ። እንዲህ ያለ ነገር በአንድ ብስኩት ያገኘ ሰው አላውቅም፤ በንግድ ችሎታዎ እጄን በአፌ ጭኛለሁ።

አሁን ደግሞ እርስዎ ሥልጠና ላይ እያሉ እዚህ የተደረገውን ላሳውቅዎ። በሄዱ ማግሥት ጠዋት ማሽኖቹ እንደተነሱ እትዬ የቫርኒሽ ብሩሻቸውን አስቀምጠው፣ እጃቸውን ጠርገው፣ ቀስ ብለው ሄደው ዋናውን ማብሪያ አጠፉት። ሁላችንም መብራት የሄደ መሰለን። እሳቸው ግን መካከል ላይ ቆሙና አፋቸውን ከፍተው «እኔ ጆሮዬ ውስጥ ሲጮህ ያድራል፤ ከእኔ ሌላ የማን ይጮሃል?» አሉ። ድምፃቸው ለካ ወፍራም ኖሯል፣ የወታደር አለቃ ድምፅ! ጣቶች መንቀሳቀስ ሲጀምሩ እትዬ ቆጣ ብለው «እጃችሁን ሰብስቡ! ምላስ አልፈጠረባችሁም?» አሉ።

በመጨረሻ ያ ቁም ሳጥን የሚያህለው የኮላ ሠራተኛችን «የእኔም ይጮሃል» አለ። ድምፁ እንደ ጫጩት ቀጭን ነበር። ስንት ዘመን አብረነው ሠርተን ድምፁን አናውቅም ነበር! ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ አንዱ «ይሄ ያንተ ነው ወይስ ከሰው ተበድረህ ነው?» አለው፤ እሱም ቀላ ብሎ «የራሴ ነው፣ ምን ታመጣለህ?» አለ። ከሳቁ በኋላ አፍ ተፈታ። አንዱ ማሽኑ የተነሣ ይመስል ይጮሃል፣ ሌላው ከጆሮ ግንድ ሥር ካልሆነ አይሰማም፤ ድምፃችንን መመጠን ማናችንም አልቻልንበትም። ግን ተናገርን። የአብዛኛው ጆሮ እንደሚጮህ ያወቅነው ያን ዕለት ነው።

እኔ ጣውላ ክምር ላይ ወጣሁ። ቀልድ የምጀምር መስሏቸው ገና አፌን ሳልከፍት የሳቁ ነበሩ። ቢሮዎ ውስጥ ምን እንዳልኩ፣ ምን እንደለመንኩ፣ እርስዎም በአዳራሹ ምን አድርገው እንዳወጡት አንድ በአንድ ተናገርኩ። አንዱ «ታዲያ ለብስኩት ብለህ ነው ሰውየውን ያስበላኸው?» ብሎ ሲወርድብኝ እትዬ መለሱለት። «ተወው እባክህ! እሱ ተታልሎም ቢሆን አፉን ከፍቷል። አንተ ያን ቀን አዳራሽ ውስጥ ምን ስታደርግ ነበር? ስታጨበጭብ አይደል?» አሉት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እኔም አጨብጭቤያለሁ» አሉ።

እንግዲህ በዚያው ዕለት የተስማማንባቸውን በአክብሮት አቀርባለሁ። ከአሁን በኋላ በየጠዋቱ ማሽኖቹ ከመነሣታቸው በፊት የሚናገር ሰው ይናገራል፤ ሳይጨርስ ማብሪያውን የሚነካ የለም። አጎቴ ወደ ሥራ ተመልሶ በገጣጣሚዎች ክፍል ይሠራል፤ ገጣጣሚዎቹ ራሳቸው ቦታ ለቀውለታል። መሸፈኛዎቹ ከመስታወቱ ወጥተው ማሽን ላይ ለሚውል ሰው ሁሉ ይሰጣሉ፤ እንግዳ ሲመጣ እኛ እናውሰዋለን። እርስዎም በዚያው አዳራሽ፣ በዚያው ሰው ፊት ቆመው፣ ይህ ልጅ ለአጎቱ ሕክምና ለመነኝ እንጂ አልጠቆመበትም ብለው በቃልዎ ይናገራሉ። ወረቀት አያስፈልግም። ይህ ካልሆነ ማብሪያው የት እንዳለ እትዬ ያውቁታል።

ክቡርነትዎ ድካም ሳይበዛብዎ ሥልጠናውን አጠናቀው፣ የምስክር ወረቀትዎን ተቀብለው፣ በሰላም ወደ እኛ እንዲመለሱ እየተመኘሁ፣ አፌን በማስከፈት ለዋሉልኝ ውለታ ተመን የለሽ ምስጋናዬን ደግሜ አቀርባለሁ።

ሁለተኛ ብስኩትዎን የማይቀምሰው
ትሑት አገልጋይዎ
ቁንጫ፣ ከመላጊያ ማሽን

የተረሳ ነገር፦ ይህን ደብዳቤ ከመለጠፌ በፊት ለአጎቴ ሰጠሁት፤ ስለ እሱ የሚባለውን ከእርስዎም ከማንም በፊት እሱ ይወቀው ብዬ ነው። እስከ መጨረሻው አነበበው። አሁንም አላናገረኝም። እስክሪብቶዬን ግን ከእጄ ወስዶ በገዛ እጁ ይህን ጨመረበት፦ «ሰኞ ጠዋት ሥራ እገባለሁ። አትገባም የሚለኝ ካለ፣ ፊት ለፊቴ ቆሞ፣ ቀና ብሎ፣ አፉን ከፍቶ ይንገረኝ።»